የዓሣ ጆሮ ድንጋይ ፍለጋ፦ ስድስተኛ ሳምንት

አቆስጣ ምን እንደሚበላ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሐዋሳ ሐይቅን የማየው በሌላ ዓይን ነው። (አቆስጣ ያልኩት ፈረንጆቹ «ሲል» የሚሉትን ዓሣ በል የባሕር እንስሳ ነው፤ «ማን ሲል?» እንዳትሉኝ ብዬ ነው።) ተመራማሪዎች የአቆስጣን ኩስ በወንፊት አጥበው የዓሣ ጆሮ ድንጋይ ይለቅማሉ። ቅርጹ የዓሣውን ዝርያ፣ መጠኑ ርዝመቱን ይናገራል።

እኔም በእጄ ልሞክረው ብዬ በየቅዳሜው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ወደሆነው አሞራ ገደል ወርጄ የተጣለ የዓሣ ጭንቅላት እለምናለሁ። ከአባ ኮዳዎቹ ጋር እየተሻማሁ! የሚበልቱት ልጆች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ራሳቸው ያስቀምጡልኛል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቀላል ነው፦ ጭንቅላቱን በቢላ ሰንጥቄ፣ ከአንጎሉ ሥር በወረንጦ ሳወጣው ነጭ፣ ዳሩ የተሸራረፈ ድንጋይ ነው። ከ12 ጭንቅላት 21 አገኘሁ።

አምባዛ ግን ሦስት ሳምንት አለፋኝ። ለካስ የምፈልገው የተሳሳተውን ነው። ዓሣ በእያንዳንዱ ጆሮው ሦስት ድንጋይ አለው፤ በቆሮሶ ትልቁ የሆነው በአምባዛና በቢልጫ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። በአምባዛ መፈለግ የነበረብኝ ከቀሩት ሁለቱ ትልቁን ነበር።

ያኔ ደነገጥኩ። በዚህ አያያዜ ወፎች የተፉትን ብመረምር ኖሮ «ቆሮሶ ብቻ ነው የሚበሉት» ብዬ እፈርድ ነበር። በአቆስጣም እንዲሁ ነው፦ ትንንሹን ድንጋይ ጨጓራው ያሟሟዋል፤ ኮድ ከሚባለው የባሕር ዓሣ የትልቁን ሆድ ብቻ በልቶ ጭንቅላቱን ከተወው ደግሞ ጭራሽ ምልክት የለም። ለዚህ ነው የበላው ነገር አሻራ የሚተውበትን የአቆስጣውን ስብ ጭምር የሚመረምሩት።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ካናዳ ዓሣው ስለተመናመነ በኒውፋውንድላንድ የኮድ ማስገርን እ.ኤ.አ. በ1992 ስታግድ ብዙ አስጋሪ ጣቱን አቆስጣ ላይ ቀሰረ። እዚያ ያለው አቆስጣ ግን ካፕሊን የምትባለውን ትንሽ ዓሣ አብዝቶ ይበላል፤ እሷ ደግሞ የኮድም ቀለብ ናት፤ ጥፋተኛው አቆስጣ ነው ብሎ መፍረድ ከባድ ነው። በደቡባዊ የሴንት ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ግን ግራጫው አቆስጣ ኮዱ እንዳያገግም ማድረጉን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ። አንድ አገር፣ አንድ ዓሣ፣ ሁለት መልስ።

እኛስ ጋ? አንድ ሽማግሌ አስጋሪን «ጋሼ፣ ዓሣውን ወፉ ነው የጨረሰው?» አልኳቸው። «ወፉማ ድሮም ነበር፤ አዲሱ ይሄ ዓይነ ጠባብ መረብ ነው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወፎቹ ከሚያድሩበት ዛፍ ሥር የተፉትን መልቀም እጀምራለሁ። ወንፊት ግን መግዛት አለብኝ፤ የወጥ ቤቱን እናቴ አውቃብኛለች።