ድምፁ ከጠፋ በኋላ የምጠይቀው

የስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማው የአእምሮ ሕመም፣ ታካሚ ለክትትል ሲመጣ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ድምፅ ትሰማለህ? የሚከታተልህ ሰው አለ? እንቅልፍስ? መልሱ ደህና ከሆነ ካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ይጻፍና ቀጠሮ ይሰጣል። ጅማ ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ስሠራ ከአስታማሚዎች ደጋግሜ የምሰማው ግን ሌላ ነው፦ «ሲስተር፣ መጮሁንስ ትቷል። ግን አንድ ነገር ጀምሮ አይጨርስም እኮ።»

ቤተሰቡ ስንፍና ይለዋል። ሕመሙ ግን ትኩረትን፣ የሰሙትን መያዝን፣ የማሰብ ፍጥነትንና ሥራን አቅዶ በተራ መፈጸምን ይጎዳል። ብዙ ጊዜም ጉዳቱ ድምፁ ሳይመጣ በፊት ይጀምራል፤ ድምፁን የሚያጠፉት መድኃኒቶች እሱን እምብዛም አያነሱትም። ተመራማሪው ማይክል ግሪን እ.ኤ.አ. በ1996 የነበሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ፣ ከታካሚው ኑሮ ጋር አብሮ የሚሄደው ድምፅ መስማቱ ሳይሆን ትኩረቱና በቃል የሰማውን የማስታወስ አቅሙ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ይህንንም ልለካ ተነሳሁ።

በምን? ውጭ አገር የተለመደው ማትሪክስ የሚባለው የማሰብ አቅም መለኪያ 10 ፈተናዎች አሉት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ እርሳስም ያስይዛል። ከማና ወይም ከሰቃ ወረዳ ለመጣ፣ እስክሪብቶ ጨብጦ ለማያውቅ ገበሬ ምልክት በፍጥነት ጻፍ ማለት ሕመሙን ሳይሆን ትምህርት ቤት አለመግባቱን መለካት ነው። ሞካ የሚባለው ባለ 30 ነጥቡ መለኪያ ደግሞ የሰዓት ሥዕል ያሠራል፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ያለፈበት። በእኛ አቆጣጠር አንዱ አጭሩን ቀስት 11 ላይ፣ ሌላው 5 ላይ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ተውኩት።

የያዝኩት በአፍ የሚሠራውን ብቻ ነው። ቃላት አነባለሁ፣ ይደግማል፤ ሌላ ወሬ አውርተን ቆይተን መልሼ እጠይቃለሁ። ቁጥር ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ገበያ የሚሸጥ ነገር ጥራ። በኦሮምኛ ይሁን በአማርኛ የሚመርጠው ታካሚው ነው፤ ኦሮምኛ ከሆነ የሥራ ባልደረባዬ ትይዘዋለች። ጠዋት እንጂ ከሰዓት አላደርገውም፤ ከምሳ በኋላ የጫት በርጫ አለ፣ በርጫ ላይ ያመሸም ሳይተኛ ነው የሚነጋበት። ስንት አርቴን እንደሚወስድም ከነጥቡ አጠገብ እጽፋለሁ። የሕመሙ መድኃኒት ለሚያመጣው መንቀጥቀጥና መገተር የሚሰጠው አርቴን ማስታወስን ራሱ ያደበዝዛል፤ አንዳንዱ «የሕመሙ ነው» ያልነው መርሳት የክኒኑ ሊሆን ይችላል።

ለኑሮው ሁዳስ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ፣ አጭሩን ባለ 12 ጥያቄ፣ ተጠቀምኩ። ያለፉትን 30 ቀናት ይጠይቃል፤ አሥር ደቂቃ ትኩረት መስጠት፣ አዲስ ሥራ መልመድ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መግባባት፣ የቤት ኃላፊነት። ቡታጅራ ላይ ከአገሬው ኑሮ ተነሥቶ የተዘጋጀ መለኪያም አለ፤ ለገጠር ሰው ጥያቄ ስመርጥ አካሄዱን ተከትያለሁ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ወንዱን ስለ ቤት ሥራ ብጠይቀው ይስቃል፤ «ሚስቴ አለች አይደል?» ችግር የለም ብዬ ልሞላ ነው። ሴቷ ግን ወጡ አንድ ቀን ሲያርርባት መንደሩ በሙሉ ያውቃል። በዚህ ዓይነት ወረቀቱ ላይ ወንዶቹ ሁሉ ደህና፣ ሴቶቹ ሁሉ ጉዳተኞች ሆነው ይወጣሉ። አሁን ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ አቅቶት ነው፣ ከልክለውት ነው ወይስ ዕድሉን አጥቶ? ከነጥቡ ይልቅ እዚያ ኅዳግ ላይ የሚጻፈው ይረባኛል።

አንድ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ከእናቱ ጋር መጣ። ቃላቱን ስጠይቀው በጣም ጥቂት ያዘ። እናቱ «ገንዘብ አያውቅም፤ አላስነካውም» አሉኝ። እሱን ብቻውን ሳናግረው ግን ቡና ሲደርስ እንደሚለቅም፣ በኪሎ እንደሚከፈል ነገረኝ። ብሩን ማን ይቀበላል? «ወንድሜ።» እማማን አስፈቅጄ 100 ብር ሰጠሁትና ደጃፉ ላይ ካለው ሱቅ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ሳሙናና ክብሪት ግዛ አልኩት። ስኳሩንና ሳሙናውን ይዞ ተመለሰ። ክብሪቱ የለም፤ መልሱ ግን ሳንቲም አልጎደለም። እናቱ ሁለቴ ቆጠሩት።

«ታዲያ ለምን ከለከሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ታሞ በነበረበት ጊዜ መንገድ ላይ ሰዎች ደሞዙን ቀምተውታል አሉኝ። ምክንያታቸው ምክንያት ነው፤ ልቆጣቸው አልቻልኩም። ተነጋግረን ከሳምንት ገንዘቡ ትንሽ በእጁ እንዲሆን ተስማማን። ለመርሳቱ ደግሞ መላ የመጣው ከራሳቸው ነው፦ ሱቅ ሲልኩት ባዶውን የክብሪት ቀፎ ያስይዙታል።

ሌላው ቀላል ነው። መድኃኒት ሳስረዳ ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ትቻለሁ፤ አንዱን ነግሬ አስደግመዋለሁ። ቀጠሮ የሚጠፋበትን ሰው ከተቻለ በገበያው ቀን፣ ሐሙስ፣ አደርግለታለሁ፤ ገበያ ሲወጣ በእኔ በኩል ያልፋል።

ነጥቡን የማነጻጽርበት፣ የአካባቢው ጤነኛ ሰው ስንት እንደሚያመጣ የሚያሳይ ልክ የለኝም። አብሮ የመጣውን ወንድም ወይም እህት ጠይቆ ማወዳደር ያጓጓል፤ ግን የታካሚ ወንድምና እህትም በዚህ የማሰብ ጉዳት በትንሹ እንደሚነኩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ከራሱ ጋር ነው የማስተያየው፣ በተለይ ሐኪሙ አርቴኑን ሲቀንስለት። ያንኑ የቃላት ዝርዝር ብደግምለት ግን የሚለምደውን ነው የምለካው። ሁለተኛ ዝርዝር በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተናል፤ ሦስተኛው ገና ነው፤ ባልደረባዬ የኦሮምኛውን ቃላት ከገበያ እየለቀመች ነው።