ከስሚተን ማማ ላይ ሆኜ

ዛሬ በእንግሊዝ አገር፣ ፕሊማውዝ ከተማ ባሕር ዳር ወደቆመው የስሚተን ማማ በጠባቡ ደረጃ እያለከለክሁ ወጥቼ ወደ ደቡብ ብመለከት፣ ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር መሐንዲሱ ጀምስ ዳግላስ የሠራው የኤዲስቶን የመብራት ማማ ከአድማሱ ላይ እንደ መርፌ ቀጥኖ ታየኝ። የወጣሁበት፣ ስሚተን የተባለ መሐንዲስ የሠራው አሮጌው ማማ ቀድሞ እዚያው ባሕር መካከል ነበር፤ እርሱ ጽኑ ሆኖ ሳለ የቆመበትን ዓለት ማዕበል ስለቦረቦረው፣ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1882 ባለ 49 ሜትሩን ምትክ አጠናቀቀ፤ በዚያው ዓመትም “ሰር” ተባለ። እኔን ከማዕረጉ ይልቅ የገረመኝ መሠረቱ ነው። እንደ ዛፍ ግንድ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደው የስሚተን ቅርጽ ማዕበሉን ሽቅብ እስከ መብራቱ ያንሸራትተው ስለነበር፣ ዳግላስ ውኃው ተጋጭቶ እንዲሰበር ከሥሩ ቀጥ ያለ ክብ መደብ አቆመ፤ የግራናይት ድንጋዮቹንም በየጎናቸው እንዲነካከሱ አድርጎ አስጠረባቸው። የላይኛው ክፍሉ ፈርሶ ወደ ፕሊማውዝ ሲመጣ እዚያው የቀረው የአሮጌው ማማ ጉቶ አሁንም ከአዲሱ ጎን አለ።