ከወጥ ቤት በር ላይ የተጻፈ የፋሲካ ሰላምታ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሃምሳ አምስቱን ቀን ቆጥራችሁ የጾማችሁም፣ መያዣውንና መፍቻውን ብቻ የምታውቁ ጓደኞቼም (ራሳችሁን ታውቃላችሁ)፣ ለቡናውና ለጨዋታው ብቅ የምትሉ ሙስሊም ጎረቤቶቼም፣ ሰላምታዬ ለሁላችሁም እኩል ይድረስ።

ይህን የምጽፈው ቀዳም ሹር ከሰዓት በኋላ ነው። አክስቴ ከማለዳ ጀምረው ከወጥ ቤት አልወጡም። እኔ ቄጤማዬን ግንባሬ ላይ እንዳሰርሁ፣ ሽንኩርት ልከትፍ በሩ ላይ ዱካ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እንባዬን እየጠረግሁ በስልኬ አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ዝግጅት አያለሁ። አክስቴ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና «የሚያስለቅስህ ሽንኩርቱ ነው ዘፈኑ?» አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም።

ዝግጅቱ «ሞታውን 25» ይባላል። የጥቁር አሜሪካውያንን ሶል ሙዚቃ በየቤቱ ያስገባው የዲትሮይቱ ሞታውን ኩባንያ 25ኛ ዓመቱን ያከበረበት ነው። ማርች 25 ቀን 1983 በካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና ተቀርጾ፣ ሜይ 16 ቀን በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንቢሲ ተላለፈ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ሒሳብ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ያጉረመርም ይሆናል፤ የኩባንያው መሥራች ቤሪ ጎርዲ ከቤተሰቡ የጋራ ቁጠባ 800 ዶላር ተበድሮ ሥራውን የጀመረው በ1959 ነበርና አንድ ዓመት ይጎድላል። ከዓለም ሰባትና ስምንት ዓመት ዘግይተን የምንቆጥር እኛ ግን በአንድ ዓመት ሰው አንወቅስም።

ያን ምሽት የሚያስታውስ ሁሉ የሚያነሣው ማይክል ጃክሰንን ነው። የ24 ዓመት ወጣት፣ አንድ እጁ ላይ ብቻ ጓንት አጥልቆ፣ ወደፊት የሚራመድ እየመሰለ ወደኋላ ሲንሸራተት። ድንቅ ነው፤ ስለ እሱ ያልተባለ ስለሌለ ግን ልለፈው። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ማይክልና አብረውት በቡድን የሚዘፍኑት ወንድሞቹ ሞታውንን ትተው የወጡት በ1975 ሲሆን፣ ከወንድሞቹ አንዱ፣ የጎርዲን ልጅ ያገባው ጀርሜይን፣ እዚያው ቀርቶ ነበር። በአማትና በወንድም መካከል መቆም ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ምሽት አብረው ሲዘፍኑ የጀርሜይን ተራ ደረሰ፤ ማይክሮፎኑ ግን ድምፅ አልሰጥ አለ። ማይክል ተጠግቶ የራሱን አቀረበለትና በአንዷ ማይክሮፎን ለሁለት ዘፈኑ። ሽማግሌ ተልኮ የማይሆነው በአንድ የዕቃ ብልሽት ሆነ።

የሞታውን ዝነኛ ዘፋኝ የነበረው ማርቪን ጌይም ከኩባንያው በወጣ በዓመቱ ግድም ተመልሶ መጥቶ ነበር። ፒያኖውን እየነካካ ስለ ጥቁሮች ሙዚቃ ታሪክ እንደ ጨዋታ ካወጋ በኋላ ተነሥቶ ዘፈነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ 45 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ በገዛ አባቱ ጥይት ሞተ። ይህን እያወቁ ያን ፈገግታ ማየት ይከብዳል።

ዛሬ እንድጽፍላችሁ ያነሣሣኝ ግን በዝግጅቱ ላይ የማይታይ ሰው ነው፤ ጄምስ ጄመርሰን ይባላል። የ1960ዎቹን የሞታውን ዘፈኖች ስትሰሙ እግራችሁ ሳታዝዙት መሬት መምታት ከጀመረ፣ ያዘዘው አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ቤዝ ጊታር ነው። ክሩን የሚመታው በአንድ ሌባ ጣቱ ብቻ ነበር። በዲትሮይቱ ቤት፣ ቀድሞ ጋራዥ የነበረችው ስቱዲዮ ሌት ተቀን ትሠራ ነበር፤ እሱና ጓደኞቹ ለመጣው ዘፋኝ ሁሉ ሲጫወቱ ይውላሉ፣ ሸክላው ላይ ግን ስማቸው አይጻፍም። የጄመርሰን ስም በማርቪን ጌይ የ1971 አልበም ሽፋን ላይ ሲወጣ «ወደር የለሹ» የሚል ቅጽል ይዞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር፣ ሙዚቀኞቹ ነገሩን ያወቁት ስቱዲዮው በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው ይባላል።

በ25ኛው ዓመት ድግስ በእንግድነት አልተጠራም። ከትኬት አትራፊ ገዝቶ ገባና ፎቁ ላይ ከኋላ ተቀመጠ፤ ጣቱ ያበጀውን ሌሎች ሲጫወቱት አየ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ በ47 ዓመቱ አረፈ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2000 ሲሆን፣ ዘርፉም የአጃቢዎች ነበር።

ይህን ታሪክ ሳውቅ መጀመሪያ የተናደድሁት በጎርዲ ነው። ቆይቶ እጄ ላይ ያለውን ሽንኩርት አየሁ። በቤታችን ለበዓል ማን እንደመረቀ፣ ድፎውን ማን እንደቆረሰ ይታወሳል። አክስቴ ሁሉም በልቶ ሲያበቃ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጥተው የተረፈውን ይቀምሳሉ። የቤቱን አልበም አገላብጬ አይቻለሁ፤ ከስንት ዓመት የፋሲካ ፎቶግራፍ መካከል አንዱ ላይ ብቻ ክንዳቸው ይታያል፣ እንጀራ ሲያቀርቡ።

በሙዚቃችንም ያው ነው። የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ከትንፋሹ የምንለይ ሰዎች፣ ከኋላው ሳክስፎን ይነፋ የነበረው የክብር ዘበኛ ወታደር ማን እንደሆነ ብንጠየቅ ዝም እንላለን። ዓለማየሁ እሸቴን ከጄምስ ብራውን ጋር እያነጻጸርን የአዲስ አበባን የሶል ዘመን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጫንነው፤ ቤዙን የያዘውስ? ነገ በየጣቢያው የበዓል ዝግጅት ላይ ባንዱ ከዘፋኙ ጀርባ በሰው ሠራሽ ጢስ ተሸፍኖ ይታያል፤ አስተዋዋቂውም «ከነባንዱ» ብሎ ያልፋል።

በእኛ ቤት ፈረሰኛው የሚወጣው ለአጎቴ ነው፤ ከእሳቸው በፊት ለአያቴ ነበር። ቅድም አጎቴን ለብቻቸው ጠርቼ ፈረሰኛው ዘንድሮ ለአክስቴ እንዲሆን ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና «እኔስ እሺ፤ እሷን የሚያሳምናት ማን ነው?» አሉኝ። አክስቴ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ «ሽንኩርቱን ጨረስህ ወይ?» ሲሉ ተጣሩ።

አልጨረስሁም። መልካም ፋሲካ ይሁንላችሁ።