የተኮረጀ ፊዚክስ

እሑድ ማታ ነው። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል።

ዛሬ ከሰዓት በሰንበት ትምህርት ቤት ለማዕከላውያን ክፍል ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ሳስተምር አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አፌን አስያዘችኝ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች «መምህር፣ ማስኮረጅ ኃጢአት ነው?» አለች። መኮረጅ አይደለም ያለችው፤ ማስኮረጅ ነው።

«አዎ፣ ነው» አልኳት፤ አላሰብኩበትም።

«እሺ፣ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ምን ላድርገው? አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እናቷን ስታስታምም ከርማ ሳታጠና ነው የመጣችው። እኔ መልሱን እያወቅኩት ወረቀቴን በክንዴ ልከልልባት? ፍቅር ማለት ይሄ ነው?»

ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ «ወረቀት የሚከልል ቀለሜ ገነት አይገባም!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ጊዜ መግዣ ነበር።

ከመስከረም ጀምሮ እነዚህ ልጆች የሚመልሱልኝ መስማት የምፈልገውን ነው። መዋሸት ይገባል? «አይገባም!» መስረቅስ? «አይገባም!» እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ። የሥነ ምግባር ትምህርት ትልቁ አደጋ ይሄ ይመስለኛል፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይታወቃል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ተናገሩ።

ነገሩን የጫርኩት እኔው ነኝ። ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሞራልና የዜግነት ኮርስ ይጠብቃቸዋል፤ ጀርመናዊውን ፈላስፋ ካንትን እዚያ ድንገት ከሚያገኙት ቀድመው ይተዋወቁት ብዬ ትንሽ ፍልስፍና ጣል አድርጌ ነበር። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን መለኪያ በቀላሉ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ልታደርግ ስትል፣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ቢያደርግ ብለህ ጠይቅ፤ ሁሉም ሲያደርገው ነገሩ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ከሆነ፣ ተወው።

«ሁሉም ይኮርጃል እኮ፣ መምህር» አለ አንዱ። «ቢኮርጅ» ማለት አላስፈለገውም።

እውነቱን ነው። ካንት በሐሳቡ የሞከረውን እኛ በተግባር ሞክረነዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ኩረጃ ብቻውን ያመጣው ውጤት አይደለም፤ መጽሐፍ ያላየ፣ የፊዚክስ አስተማሪ ሳይኖረው ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ስንት አለ። ግን ሁሉም ሲኮርጅ ማርክ ማርክነቱ እንደሚቀር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። ገንዘብ ሁሉም ቤት እየታተመ እንጀራ እንደ መግዛት ነው።

ይሄን ስል ዝም አሉ። አሸነፍኩ ብዬ ሳልጨርስ ያቺው ልጅ ተመለሰችብኝ። «ካንት ነፍሰ ገዳይ በር አንኳኩቶ ጓደኛሽ የት ነው ቢል እንኳ አትዋሺ ይላል ብለውናል። አዋላጆቹስ? ሲፓራና ፉሐ ፈርዖንን ዋሽተው የለ? እግዚአብሔር ደግሞ መልካም አደረገላቸው።»

መጽሐፍ ቅዱሷን አንብባለች፤ ዘጸአት ምዕራፍ 1፣ ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ሕፃናት ግደሉ ሲላቸው አዋላጆቹ ሳይገድሉ ቀርተው የዋሹት። በልቤ ደስ አለኝ፣ በፊቴ ተጨነቅኩ።

የጥንቱ የሰሜን አፍሪካ ጳጳስ አውግስጢኖስ በዚህ ላይ ያለውን ነገርኳት። ሴቶቹ ዋጋ ያገኙት ስለ ውሸታቸው አይደለም፣ ስለ ምሕረታቸው ነው ይላል። «የእኔም ምሕረት ነው» አለች ወዲያው። ምን ትላታላችሁ? ትንሽ ቆይቶ ነው ልዩነቱ የታየኝ። አዋላጆቹ ሕፃናቱን ያዳኑት የራሳቸውን አንገት ለሰይፍ ሰጥተው ነው። አስኮራጅ ግን የሚሰጠው የራሱን አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው ድርሻ ነው። አንድ ቦታ፣ ምናልባት የተማሪ መቀመጫ እንኳ በሌለው ትምህርት ቤት፣ በኩራዝ አጥንቶ የራሱን 48 ያመጣ ልጅ አለ። ጓደኛሽ በአንቺ 52 ስታልፍ የሚቀረው እሱ ነው። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ የመለሰለት በመንገድ ላይ ስለወደቀ ስለማይታወቅ ሰው ነው፤ አጠገቡ ስለተቀመጠ ጓደኛ አይደለም።

«እናቷ የታመመችባትስ?» አለች። ለዚያ ያለኝ መልስ ቀጭን ነበር፤ ከፈተናው በፊት ሁለት ሳምንት ቤቷ ሄደሽ አስጠኛት አልኳት። ፊቷን አይቼ አወቅሁት። የሚያስጠኑበት ሳምንት አልፎባቸዋል።

ነገሩን ለማለዘብ የአውግስጢኖስን የእንኮይ ዛፍ... አይ፣ እንኮይ አይደለም፣ ፒር የሚባለው ፍሬ ነው፤ እኛ ሠፈር ስለማይገኝ እንደ ፖም አስቡት አልኳቸው። በ16 ዓመቱ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ ውስጥ በምትገኘው ታጋስት፣ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የጎረቤት ዛፍ አራግፈው ሰረቁ። ርቧቸው አይደለም፤ አብዛኛውን ለዐሣማ ነው የጣሉት። ጳጳስ ሆኖ ያን ሌሊት ሲያስታውስ የሚያስጨንቀው የፍሬው ዋጋ አይደለም፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር የሚለው ነው። ይሄኛውን ወደዱት። በእነሱ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ በጓደኛ የሚሠራ ጥፋት። አንዱማ «የእኛ ክፍል ነው!» አለ።

ከዚያ ትንሹ፣ ሁልጊዜ በር አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ፣ እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ። «መምህር፣ እርስዎስ ኮርጀው ያውቃሉ?»

ሰዓቴን አየሁ። «ሰዓታችን ደርሷል፣ ተነሡ እንጸልይ» አልኩ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረን ነበር።

አቡነ ዘበሰማያት ከመልስ ማምለጫ ሆኖኝ አያውቅም ነበር። ለዚህ ነው የማልተኛው።

1999 ዓ.ም.፣ 10ኛ ክፍል፣ ብሔራዊ ፈተና። የምንቀመጠው በስም ቅደም ተከተል ስለሆነ ከፊቴ ማን እንደሚሆን ከወር በፊት አውቄያለሁ። ልጁ ፊዚክስ ላይ አንደኛ ነው። አልተነጋገርንም፤ መነጋገርም አያስፈልግም ነበር። መልስ መስጫውን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው፣ እኔ አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። ፈታኙ መስኮት ላይ ተደግፈው ውጭ ውጭውን ያያሉ። የጠቆሩትን ክቦች እስካሁን አስታውሳለሁ፤ ጥያቄዎቹን ግን አንዱንም አላነበብኳቸውም። ውጤት ሲመጣ ፊዚክስ ቢ። ወደ መሰናዶ አለፍኩ። ጎረቤቴ የነበረው፣ አብሮኝ በእግሩ የሚመላለሰው ልጅ በጥቂት ነጥብ ቀረ። ቦታውን የወሰድኩት እኔ ልሁን ሌላ አይታወቅም። በዚያ ክረምት መንገድ ላይ ሳየው ግን ሰላምታዬ ያጥር ነበር።

የሚገርመኝ፣ ያን ጊዜ ቅዳሴ ሳላስቀድስ እህል የማልቀምስ ልጅ ነበርኩ። ለንስሐ አባቴ ጾም ገደፍኩ ብዬ ተናዝዣለሁ፣ እናቴን ተናገርኳት ብዬ ተናዝዣለሁ። ኩረጃን አንድም ቀን አላነሳሁትም። ደብቄ አይደለም፤ ከኃጢአት ዝርዝር ውስጥ አልገባልኝም ነበር። ስርቆት ማለት ሞባይል ነው፣ ዶሮ ነው። ኩረጃ ጓደኝነት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሰው ቢሮ ገብቶ የሚማረው ይመስለናል፤ እኔ ግን የተማርኩት ፈተና ክፍል ነው።

ልጆቹ ሲበተኑ አባን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘኋቸው፤ ቆመን አወራን። ስሙኝና ብዙ ዝም አሉ። እኔ ያስጨነቀኝ ካሳው እንደሆነ ነገርኳቸው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ለማን እንደሚመልስ ያውቃል። የተሰረቀ ማርክ ለማን ይመለሳል?

«የኮረጅከውን ትምህርት ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«ኧረ አባ፣ አላውቅም። ሶሻል ነው የገባሁት።»

«እንግዲያው ገና እጅህ አልገባም። ተማረውና ለማያውቅ ስጠው።» መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። እየቀለዱ ይሁን እየተቆጡኝ አልለየሁትም።

ስመለስ ከእህቴ ልጅ የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ አጋዥ መጽሐፍ ለምኜ አመጣሁ። «ጋሼ፣ ለምንህ ነው?» አለኝ፤ ለሥራ ነው አልኩት። ይሄው፣ አንዲት ትንሽ ውሸት ደግሞ በላዩ። ነገ እነግረዋለሁ። በር አጠገብ ለሚቀመጠው ልጅ ደግሞ የሚመጣው እሑድ፣ ከጸሎቱ በፊት።

አሁን ያለሁት ኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ነው። ባለ 6 እና ባለ 3 ኦም ሁለት ሬዚስተሮች በፓራለል ሲያያዙ ጠቅላላው ስንት ይሆናል ይላል። ደምሬ 9 ብዬ ነበር፤ ጠቅላላው ግን ከሁለቱም ማነስ አለበት ይላል ከላይ ያለው ማብራሪያ። መልሶቹ መጨረሻው ገጽ ላይ አሉ። እነዚያን ገጾች በአግራፍ ይዣቸዋለሁ።