«ፖምፓው ሄዷል» ሲሏችሁ

አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ የያዘ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህን ቃል መስማቱ አይቀርም፤ ፖምፓ ናፍጣን በኃይል ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚልከው ፓምፕ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል፣ ያስነጥሰዋል፣ ይጠፋል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን እንኳ ሳያስገባ «ፖምፓው ሄዷል» ይላል። ለእኔም ተብሏል። የእኔ ፖምፓ ግን ደህና ነበር፤ የተበላሸው ከተጠገነ በኋላ ነው።

መኪናዬ ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ሞተሯ 3ኤል፣ 2.8 ሊትር፣ ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌለው። የድሮዎቹ የሃይኤስ ሚኒባሶችም የዚሁ የኤል ቤተሰብ ሞተር ስላላቸው መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ አይታጣም። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ሽንኩርት አመላልስባታለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር ዋሻ እስኪደረስ 3,000 ሜትር ይታለፋል። ደካማ መኪና የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው።

ሜዳ ላይ ምንም አልነበረባትም። ጭና ዳገቱን ስትያያዘው ግን ጋዝ ብረግጥም መልስ የለም፤ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ጸጥ። ድንጋይ ጎማዋ ሥር አድርጌ ጥቂት ካረፈች በኋላ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን፣ ናፍጣ በእጅ የምታስመጣውን መግፊያ ደጋግሜ ስጫናት ትነሳና ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች። ወረድ ብሎ ሌላ ዳገት ላይ ደግሞ ያው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ዞሮ ያደረች እንደሆነ ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) እስኪደክም አትነሳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጠፋች ቁጥር የእጅ መግፊያዋ ባዶ ነበረች። አውራ ጣቴን ሳሳርፍባት ለስለስ ብላ እስከ ታች ትገባለች፤ ብዙ ከተጫንኳት በኋላ ነው የምትጠነክረው። ባዶ የምትሆነው መስመሩ ውስጥ አየር ስላለ ነው። ፊልትሮው በናፍጣ ሞልቶ፣ መግፊያዋ ከመጀመሪያው ጭነት ጠንክራ፣ መኪናዋ ግን አልነሳ ብትል ያኔ ስለ ፖምፓ እናወራለን። ይህን ለማወቅ ጋራዥ አያስፈልግም፣ አውራ ጣት ይበቃል።

አሠራሩን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። በዚህ ሞተር ታንኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን ከታንክ የሚስበው ራሱ ትልቁ ፖምፓ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ክንፋም መሳቢያ ሲሽከረከር ይመጠዋል። ስለዚህ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለው ቱቦ ሁሉ የሚገፋ ሳይሆን የሚሳብ መስመር ነው። የሚሳብ መስመር ሲቀደድ አያንጠባጥብም። ናፍጣ ወደ ውጭ በማውጣት ፈንታ አየር ወደ ውስጥ ይጎትታል። መካኒኮች በእጅ ባትሪ ሥር ሥሩን አይተው «ደረቅ ነው፣ የሚያፈስ የለም» ሲሉ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ደረቅ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ጨረስኩት። ታንኩ አየር አጥቶ እንደሆነ ብዬ ክዳኑን ላላ አድርጌ ነዳሁ፤ ለውጥ የለም። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቼ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቼ አሳደርኩት፤ ከታች ትንሽ ውሃ ተቀመጠ፣ ለመጥፋት የሚያበቃ ግን አይደለም። ፊልትሮ ቀየርኩ። ቁልፍ ሲከፈት፣ በኤሌክትሪክ ናፍጣውን የሚከፍተው የፖምፓው ሶሌኖይድ «ጠቅ» ማለቱን አዳመጥኩ፤ ይላል።

ከዚያ መካኒኬ ወደ ፖምፓ ሠሪ ላከኝ።

ሰውየው በዕድሜ የገፉ፣ ስማቸው የተጠራ ባለሙያ ናቸው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የመሳቢያ መስመሩን ብናየው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይኼ ጸጉር የሸበተው ፀሐይ ላይ አይደለም» አሉኝና ለተማሪያቸው ጣታቸውን ቀሰሩለት። ልጁ የታይሚንግ ቺንጋውን ሽፋን መፍታት ጀመረ። የዚህ ሞተር ፖምፓ በቺንጋ ነው የሚዞረው፤ ለማውጣት ቺንጋው መውረድ አለበት፣ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ፍላንጅ ላይም የፋብሪካ ምልክት አለ። ጭረቷ ከጭረቷ ትይዩ መሆኗ ናፍጣው በትክክለኛው ቅጽበት መረጨቱን ይወስናል። ልጁ ያለችበትን ሳያይ፣ በመርፌም ሳይጭር ዳዶዎቹን ፈታቸው። «ምልክት አድርግ እንጂ» ስለው «አለቃዬ ያውቁታል» አለኝ።

አለቃው የሚያውቁት ሌላ ነው። ፖምፓው ከተፈታ በኋላ የውስጥ ማሸጊያ ጎማዎቹን ለወጡ፤ ይኼስ ደግ። ናፍጣውን የሚያከፋፍለውን የፖምፓውን ጭንቅላት በጨርቅ ወልውለው ለብርሃን እያሳዩኝ «አየህ፣ ተጭሯል» አሉ። እኔ ያየሁት የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ፖምፓው መልሶ ከተገጣጠመ በኋላ በመሞከሪያው ማሽን ላይ ወጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ኖዝል (ናፍጣ ረጪ) የሚሄደው ናፍጣ በመስታወት ቱቦ ተለክቶ እኩል መሆን ነበረበት። ማሽኑ አለ፣ ጥግ ላይ ቆሟል። የዚያን ቀን መብራት አልነበረም። «ነገ ልምጣ?» ብላቸው «እኔ በጆሮዬ ነው የማስተካክለው» አሉና በፋብሪካ የታሸገችውን የናፍጣ መጠን ቡሎን ሽቦዋን በፒንሳ በጥሰው ጥቂት አዞሯት። «አሁን ዳገቱን ትበላዋለች» አሉኝ።

ዳገቱ በላት። ያው ቦታ፣ ያው መንገጫገጭ፣ ያው ጸጥታ። አዲሱ ነገር ጭሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ ስትሞቅና ጭነት ሲኖርባት ጥቁር። ነጩ የመጣው ፖምፓው ከምልክቱ ዘግይቶ ስለታሰረ ነው። ጥቁሩ ደግሞ ከዚያች ቡሎን ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ናፍጣ ብትጨምርበት የሚያቃጥልበት አየር የለውም፣ ጥላሸት አድርጎ ይመልስልሃል። ይህን የደጋ አገር ፖምፓ ሠሪ አለማወቁ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

በዚህ ላይ ቦሎ ደረሰ። መርማሪው ጭሱን አይቶ ጣላትና ወረቀቱ ላይ «ፖምፓ ይጠገን» ብሎ ጻፈልኝ። አሁን የተጠገነ ነው ብዬ ደረሰኙን ሳሳየው ደረሰኙን አገላብጦ አይቶ «እንግዲያው በደንብ ይጠገን» አለኝ። ሌላ የሚለው አልነበረውም። ማኅተሙ የተበጠሰ መሆኑን ያየም የጠየቀም የለም፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ገና ከመጀመሪያው ሊደረግ የሚገባውን ፈተና ራሴ ያደረግኩት። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበትን ውስጡ የሚታይ ቱቦ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በሜትር ገዛሁ። አንዱን ቁራጭ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል፣ ሌላውን ትርፍ ናፍጣ ወደ ታንኩ በሚወስደው መመለሻ ላይ አስገብቼ በፋሸታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አሰርኩ። ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳይረገጥ፣ ናፍጣው ጥርት ያለ ነው። ጋዙን ከፍ አድርጌ ስይዝ መጀመሪያ ነጠላ ነጠላ አረፋ፣ ቀጥሎ እንደ ጠጅ የሚፈላ ሰንሰለት መጣ። ፖምፓው ናፍጣ ለመነ እንጂ እምቢ አላለም።

ቀጣዩ ፈተና ታንኩንና መስመሩን ከጨዋታ ማውጣት ነው። ንጹሕ ናፍጣ በትንሽ ጀሪካን ከፍ ያለ ቦታ ይታሰራል፣ ከዚያ በቱቦ በቀጥታ ወደ ፖምፓው መግቢያ። መኪናው እንዲህ ደህና ከሠራ ጥፋቱ ከፖምፓው በፊት ነው፤ ክርክሩ አለቀ። ግን ናፍጣ በጀሪካን ማን ይሰጣል? ማደያው «ከወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ለወፍጮና ለጄነሬተር እንጂ ለሙከራ ደብዳቤ እንደማይጻፍ ነገረኝ። ክልከላው ለምን እንደመጣ ይገባኛል፤ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚቸበቸበው ናፍጣ ነው ይህን ሁሉ መዘዝ ያመጣብኝ። ግን አምስት ሊትር! በመጨረሻ ከጎረቤቴ አይሱዙ ታንክ ቀዳሁ። ሕጋዊ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ጎረቤቴ አልከሰሰኝም።

ጀሪካኗን ፖርቶ መጋላው ላይ ጥፍር አድርጌ አሰርኳት። ጋቢና ውስጥ ናፍጣ እንዳታስገቡ። የመመለሻውንም ቱቦ ወደ ጀሪካኗ መልሱት፤ ፖምፓው ራሱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ናፍጣ ይመልሳል፣ ወደ ታንኩ ከሄደ ጀሪካኗ ሳታስቡት ባዶ ትሆናለች። ጭኜ እንጦጦን ወጣሁ። አንዴም አላስነጠሳትም።

ታንኩን አወረድኩ። የመሳቢያው ብረት ጫፍ ላይ አውራ ጣት የምታክል ወንፊት አለች። በጥቁር ዝልግልግ ተለስናለች፤ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ላይ የሚበቅል ነገር ነው፣ ሽታው አይረሳም። በላዩ ላይ የቢጫ ፌስታል ቁራጭ ተለጥፏል። ጀሪካን እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚደረገውን ፌስታል ታውቁታላችሁ፤ እሱ ነው። ማደያ ላይ ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን መንገድ ዳር ከገዛነው ጋር ገብቷል። ዳገት ላይ ፖምፓው አጥብቆ ሲስብ ፌስታሉ ወንፊቷን ይሸፍናል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ስበቱ ይቆማል፣ ፌስታሉ ይላቀቃል፣ መኪናዋ «ትድናለች»። ታንኩ ራስ ላይ ያለችው የላስቲክ ቱቦ ደግሞ ከፋሸታው ሥር ተሰንጥቃ ነበር፤ ከላይ አትታይም፣ ፋሸታውን ፈትቼ ሳጎብጣት አፏን ከፈተች። ወንፊቷ ስትታፈን ስበቱ ይበረታል፣ ያኔ በስንጥቋ አየር ይገባል። ቱቦዋና ፋሸታው አንድ ላይ የምሳ ዋጋ አላወጡም። ለፖምፓው የከፈልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ፖምፓውን በኋላ ሌላ ቤት ወስጄ ኮምፓራቶር በሚሉት መለኪያ ወደ ቦታው አስመለስኩት፣ ናፍጣውንም በማሽን አስለካሁ፣ በመብራት። ቦሎውም አለፈ።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይኸው። የፊልትሮውን ውሃ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት እስኪበራ አትጠብቁ፤ ሲበራ ውሃው ብዙ ሆኗል። ፊልትሮውን መመሪያው ከሚለው ግማሽ መንገድ ላይ ቀይሩ፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው የእኛን ጀሪካን አላየም። መካኒክ አዲስ ፊልትሮ ሲገጥም ናፍጣ ሊሞላበት ካነሳ እጁን ያዙት፤ በመሃል ቀዳዳው የሚፈሰው ያልተጣራ ናፍጣ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ነው የሚሄደው፣ በእጅ መግፊያ ይሙላው። ስፑርጎ ሲደረግ፣ ማለትም አየሩ ከመስመሩ ሲወጣ፣ የኖዝል ቱቦ ዳዶ ከላላ ጣታችሁን አታስጠጉ፤ ከዚያ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። በጠርሙስ የሚሸጠውን «የነዳጅ ማጽጃ» እኔ ገንዘብ ማቃጠል ነው የምለው፤ ፌስታል አያሟሟም።

ፖምፓ አያልቅም አላልኩም። ያለቀ ፖምፓ ጠባዩ ሌላ ነው። ጠዋት በብርድ ደህና ይነሳል፤ ሞተሩ ሞቆ ካጠፋችሁት በኋላ ግን እምቢ ይላል፣ ምክንያቱም የተበላው ጭንቅላት ሲሞቅ የሳሳ ናፍጣ ያሾልካል። ያኔ መግፊያዋ ጠንካራ ናት፣ በቱቦውም ውስጥ አረፋ የለም። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጉበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያንጠባጠባችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱት። ከተነሳ ፖምፓው እውነትም ሄዷል። ወደ ሠሪው ስትወስዱት ምልክቱን በመርፌ ጭራችሁ፣ ማኅተሙን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ፣ መብራት መኖሩንም አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።