ዜግነት ሲገኝ የልጆቹ ፋይል
ዛሬም ያው ጥያቄ ነው የዋለው፦ «በግሪን ካርዴ ለባለቤቴ አመልክቼ ነበር፤ አሁን የአሜሪካ ዜጋ ሆኛለሁ፤ ልጆቹስ?»

በግሪን ካርድ ሲያመለክቱ፣ ማለትም በኤፍ2ኤ (ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የሚያመለክትበት ምድብ)፣ ልጆች በእናታቸው ፋይል ተያይዘው ይሄዳሉ። አመልካቹ ዜጋ ሲሆን ሚስት ከወረፋ ትወጣለች፤ ደስ ይላል። ግን የልጆቹ መያያዝም አብሮ ይቋረጣል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ) ያስፈልጋል፣ ክፍያውም ለየብቻ። ይህን ሳያውቁ ቃለ መጠይቅ የሚደርሱ አሉ፤ ያኔ እናት ቪዛ ታገኛለች፣ ልጆች ይቀራሉ።

የዜግነት ሰርተፍኬቱን ኮፒ ለኤንቪሲ (የቪዛ ፋይሎችን ለሚይዘው የአሜሪካ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል) ራሳችሁ ላኩ። የእንጀራ ልጅ ከሆነ ጋብቻው ልጁ 18 ሳይሞላው የተፈጸመ መሆን አለበት። ዕድሜው ወደ 21 የተጠጋ ልጅ ካለ ነገ አትበሉ፦ ዜጋ ወላጁ አይ-130 ባስገባበት ቀን ለቪዛው የሚቆጠረው ዕድሜው ይቆማል፤ አሜሪካ እስኪገባ ግን ማግባት የለበትም።