ላፕቶፑ የቆመው የት ላይ ነው?

ታናሽ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን በምትሠራበት ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ እንድጭንላት ጠየቀችኝ፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ከሊኑክስ ቤተሰብ የሆነ ሥርዓት ነው። ዊንዶውሱ እንዲጠፋ አትፈልግም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኑሩና ስታበራው የፈለገችውን ትምረጥ። የራሴ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ስለማውቅ «አንድ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው» አልኳት። ሁለት ሌሊት ፈጀ።

የመጀመሪያው ሌሊት እንዲሁ ነው የባከነው። እንቢ ባለኝ ቁጥር ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የኡቡንቱን መጫኛ የጻፍኩበትን ፍላሽ ነቅዬ እሰካለሁ። ባዮስ ገብቼ ዓይኔ ያረፈበትን ሴቲንግ እቀይራለሁ። ሪስታርት። አሁንም እንቢ። በሁለተኛው ሌሊት አሠራሬን ቀየርኩ። ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ አሁን የቆመው የት ላይ ነው?

ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው ዱላ ቅብብል ነው። መጀመሪያ የሚነሳው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር ነው። በልማድ ባዮስ እንለዋለን እንጂ የዛሬዎቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ ነው። እሱ ዲስኩ ወይም ፍላሹ ላይ ቡት ሎደር፣ ማለትም ሥርዓቱን የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ቡት ሎደሩ ዱላውን ለከርነሉ፣ ለሥርዓቱ እምብርት፣ ያቀብላል። ከርነሉ ደግሞ ዲስኩን፣ ስክሪኑን፣ ዋይፋዩን በየድራይቨራቸው፣ ማለትም እያንዳንዱን ዕቃ በሚያናግረው ፕሮግራም፣ ይቀሰቅሳል። እኛ የምናየው የመጫኛ መስኮት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ «አልጫን አለኝ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ፍላሹ ቡት ሜኑ ላይ ጭራሽ ካልታየ ችግሩ የፍላሹ ወይም የፈርምዌሩ ነው። ሜኑው መጥቶ ከዚያ በኋላ ከቆመ ሌላ ነገር ነው። መጫኛው ተከፍቶ ዲስክ ካጣ ደግሞ ሌላ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

እኔ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ከሥሩ አልጀመርኩም። ፍላሹ ቡት አደረገ፣ የኡቡንቱ ሜኑ መጣ፣ መረጥኩት፣ መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። ከመቆሙ በፊት ፋይል ማንበብ እንዳልተቻለ የሚናገር ጽሑፍ ብልጭ ብሎ አለፈ። አየሁት። ግን አላነበብኩትም። «ሴኪዩር ቡት ይሆናል» ብዬ፣ ያልተፈረመ ቡት ሎደር እንዳይነሳ የሚከለክለውን ያንን ሴቲንግ አጠፋሁት። እንደገና ቆመ። ሌሎች ሁለት ሴቲንጎችም ቀየርኩ። የትኞቹን እንደነበር ዛሬም በእርግጠኝነት አላስታውስም። ደከመኝና ነገ እቀጥላለሁ ብዬ ፍላሹን ነቀልኩ፣ ላፕቶፑን በዊንዶውስ አስነሳሁት።

ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ቢትሎከር ነው፣ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ። 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ኪይ አስገባ ይላል።

ልቤ ቀጥ አለ። የዓመት ሥራዋ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ ኮፒ ሳላስቀምጥ ነው የጀመርኩት። እሷ ተኝታለች። እስኪነጋ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩ ራሱ ይመሰጠራል፤ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። የምስጢሩ ቁልፍ ያለው ቲፒኤም በሚባል ቺፕ ውስጥ ነው። ቺፑ ቁልፉን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ከተነሳ ብቻ ነው። ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ለእሱ «አንድ ሰው ነካክቶኛል» ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉን ይይዝና 48ቱን አሃዝ ይጠይቃል። ሥራውን በትክክል ነው የሠራው። ሴቲንጉን ወደነበረበት መመለስ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። ግን የቀየርኩትን አልጻፍኩም፤ ወዴት ልመልሰው?

ጠዋት ስነግራት የመጀመሪያ ቃሏ «ጽሑፌስ?» ነበር። በስልኳ ማይክሮሶፍት አካውንቷ ውስጥ ገባን። ሪከቨሪ ኪይ የሚለው ገጽ ላይ ቁልፉ አለ። ሰማያዊው ስክሪን የቁልፉን መለያ ያሳያል፤ የመለያው የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር ከስልኩ ጋር ሲገጥም ያንን ቁልፍ ነው የምንፈልገው። እሷ እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ስድስት ስድስት አሃዝ ስምንት ጊዜ። ዊንዶውስ ተነሳ። ፎልደሯን ከፈተች፣ ጽሑፉን አየች፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁርስ የበላነው።

ሁለተኛውን ሌሊት የጀመርኩት በኮፒ ነው። ፋይሎቿን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። መገልበጡ ብቻ አይበቃም፤ ሃርድ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ጽሑፉን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ገጽ አየሁት። 48ቱን አሃዝ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሴኪዩር ቡትን መልሼ አበራሁት፤ ኡቡንቱ የተፈረመ ቡት ሎደር ስላለው እሱን ማጥፋት ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር። ከዚያም ሌላ ባዶ ወረቀት አጠገቤ አስቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ የምነካት እያንዳንዷ ነገር እዚያ ላይ ትጻፋለች፤ ምን ነበረ፣ ምን አደረግኩት።

አሁን ጥያቄው። የት ላይ ነው የቆመው? ሜኑው ይመጣል፣ ስለዚህ ፈርምዌሩ ፍላሹን አይቶታል፣ ቡት ሎደሩም ተነስቷል። የሚቆመው ከርነሉ የቀሩትን ፋይሎች ከፍላሹ ሲያነብ ነው። ያ ብልጭ ብሎ ያለፈው ጽሑፍም ያንኑ ነበር የሚለው። ታዲያ ጥርጣሬው መጀመሪያ የወረደው ፋይል ላይ ነው መሆን ያለበት።

የአይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም መጫኛው በሙሉ የታሸገበት ፋይል፣ ሲወጣ አብሮት ኤስኤችኤ256 የሚባል የጣት አሻራ ይወጣል፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የራሳችሁን ፋይል አሻራ ማውጣት ትችላላችሁ። የእኔን አወጣሁና ኡቡንቱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን አደረግኩት። እስከ 64ኛው መሄድ አላስፈለገኝም። የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ነው የተለያዩት። ሳወርደው ኢንተርኔቱ ሁለቴ ተቆራርጦ ነበር። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትለወጥ አሻራው ከላይ እስከ ታች ይለወጣል፤ ስለዚህ «ትንሽ ነው የሚለየው» የሚባል ነገር የለም። እንደገና አወረድኩ፣ አመሳከርኩ፣ ገጠመ። ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፍኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሳሳድደው የነበረው ችግር በዚህ አለቀ።

በነገራችን ላይ አይኤስኦውን እንደ ተራ ፋይል ፍላሹ ላይ መለጠፍ ቡት አያስደርገውም። ዊንዶውስ የሚጭን ሰው ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለው። ፋት32 ፎርማት 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶውስ ዋናው የመጫኛ ፋይል ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ሩፈስ ይህን በራሱ ዘዴ ያልፈዋል፣ በእጅ የሚገለብጥ ሰው ግን እዚያ ላይ ይቀራል።

መጫኛው ተከፈተ። ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ዋይፋይ፣ ሁሉም ደህና። የት ልጫን የሚለው ጋ ስደርስ የላፕቶፑ ዲስክ የለም። የሚታየው የራሱ ፍላሽ ብቻ ነው። የትናንቱ እኔ ቢሆን ዲስኩ ሞቷል ይል ነበር። ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ዊንዶውስ ከዚሁ ዲስክ ላይ ተነስቷል። ዲስኩ ደህና ከሆነና ከርነሉ ካላየው መሃላቸው የቆመ ነገር አለ ማለት ነው።

የቆመው የማከማቻ ኮንትሮለሩ ነበር። ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ዲስኩን አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ በሚባል ስልት ከኮንትሮለሩ ጀርባ ያደርጉታል። ለዚያ የሚሆን ድራይቨር የሌለው መጫኛ ዲስኩን አያየውም። ዊንዶውስ ብቻ የሚጭን ሰው ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዶ ፍላሽ ላይ በማድረግ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው በኩል ይሰጠዋል። ለእኔ የሚያዋጣው ባዮስ ውስጥ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ኡቡንቱ ወደሚያውቀው የተለመደ ስልት፣ መቀየር ነበር። እዚህ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ዘው ብሎ ባዮስ ገብቶ የቀየረው ሰው ተመልሶ ዊንዶውሱን ሲያስነሳ በሰማያዊ ስክሪን ይቀበለዋል፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ የሚያውቀው የድሮውን መንገድ ነው።

በቅደም ተከተል እንዲህ አደረግኩ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ የዲስኩን ምስጠራ አጠፋሁ። ምስጠራውን እስኪፈታ ጊዜ ወስዷል፣ አልቸኮልኩም። የኡቡንቱ መጫኛ በቢትሎከር ከተቆለፈ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ጋር ስለማይስማማ ይህን መረጥኩ። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይሏ ለማንም ክፍት እንደሚሆን ለእህቴ አስረድቻት ነው የተስማማችው። ቀጥሎ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ውስጥ ገብቼ በሚቀጥለው ጊዜ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ፣ እንዲነሳ አዘዝኩት። ሪስታርት፣ ባዮስ፣ ኤኤችሲአይ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ አዲሱን መንገድ ራሱ ለመደው። ከዚያ የሴፍ ሞዱን ምልክት አነሳሁና በደህና ተነሳ። ሴፍ ሞድ ውስጥ ፒን ላይሠራ ስለሚችል የአካውንቱን ፓስወርድ አስቀድማችሁ ያዙ። ሁሉም ወረቀቱ ላይ ገባ።

ዊንዶውስ ውስጥ እያለሁ ፋስት ስታርትአፕንም አጠፋሁ። እሱ ካለ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ነው፣ ሊኑክስም የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ለመጻፍ አይደፍርም። ለኡቡንቱ የሚሆን ቦታም «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ቆርሼ ባዶ ተውኩለት። አሁን መጫኛው ዲስኩን አየው። መጫኑ ራሱ ሻይ ጠጥቼ እስክጨርስ አለቀ።

ሪስታርት ሳደርገው በቀጥታ ዊንዶውስ ገባ። ኡቡንቱ የለም። ይህ ብዙ ሰው «አልተጫነም» ብሎ እንደገና የሚጭንበት ቦታ ነው። ተጭኗል። ፈርምዌሩ ውስጥ ባለው የቡት ተራ ላይ ከዊንዶውስ በታች ነው የተጻፈው። አንድ ደረጃ ወደ ላይ አወጣሁት፣ ምርጫው መጣ።

ኡቡንቱን መረጥኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ያው ጥቁር። እጄ ወደ ማጥፊያው ሊሄድ ሲል ካፕስ ሎክን ተጫንኩ። ትንሿ መብራት በራች። እንደገና ስጫን ጠፋች። ከርነሉ በሕይወት አለ ማለት ነው። ኪቦርዱን እየሰማ ነው፣ ያቃተው ማሳየት ብቻ ነው። ያቺ ነጥብ የምታህል መብራት ስንት ሰዓት እንዳተረፈችልኝ ልነግራችሁ አልችልም። ዲስኩን፣ ፍላሹን፣ መጫኛውን ሁሉ ከጥርጣሬ አውጥታ ግራፊክስ ካርዱን ብቻ አስቀረችልኝ።

ምርጫው ሲመጣ ኡቡንቱ ላይ ቆሜ የ«ኢ» ፊደልን ተጫንኩ። የቡት ትእዛዙ ተከፈተ። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» (nomodeset) የሚለውን ጨመርኩ፤ ሳይነጣጠል የሚጻፍ አንድ ቃል ነው። ኤፍ10 ስጫን ተነሳ። ምስሉ ሸካራ ነው፣ ግን ይታያል። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ መሻገሪያ ነው፤ መፍትሔው ትክክለኛው ድራይቨር ነው። «አዲሽናል ድራይቨርስ» ውስጥ ገብቼ የሚመከረውን ጫንኩ።

እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ሴኪዩር ቡት ስለበራ ድራይቨሩ ሲጫን አዲስ ፓስወርድ አስገባ ይላል። በሚቀጥለው ሪስታርት ላይ ሰማያዊ ሜኑ ይመጣል። ሰማያዊውን ሳይ የትናንቱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ጸጥ ብዬ አነበብኩት። «ኢንሮል» የሚለውን መርጦ ያንን ፓስወርድ መድገም ነው፤ ይህ ድራይቨር የእኔ ነው፣ ይግባ ማለት ነው። በጊዜ ካልነኩት ሜኑው ራሱ ያልፋል፣ ድራይቨሩም ተጭኖ ሳለ አይነሳም። ሰው ታዲያ ጥፋቱን ድራይቨሩ ላይ ይፈልጋል። እኔ በሰዓቱ ደረስኩበት፣ ስክሪኑም ጠራ።

የቀረው ሰዓቱ ነበር። ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ስንመለስ ሰዓቱ ይዛባል። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚያነበው፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አካባቢው ሰዓት። ኡቡንቱን በአንድ መስመር ትእዛዝ እንደ ዊንዶውስ እንዲያነብ አደረግኩት።

እህቴ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍታ ሁለቱንም በየተራ አስነሳቻቸው። ጽሑፏን በሁለቱም ውስጥ ከፈተች። የለውጦቹን ወረቀት አጣጥፋ ከ48ቱ አሃዝ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ስትል ተቀበልኳት። የቁልፉ ወረቀት ከላፕቶፑ ጋር አብሮ አይሄድም፤ እሱን ቤት አስቀመጥነው። የለወጥኩትን የያዘው ግን ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ሰባት መስመር ነው፣ የመጨረሻው የሰዓቱ ነው።